ያልመረጥነው ጎረቤት፦ ዶርም ወይስ የኪራይ ቤት?



የምደባ ውጤት በወጣ ማግስት በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ። መጀመሪያ ስለ ዩኒቨርሲቲውና ስለ ትምህርት ክፍሉ ይወራል። ደስታውም ቅሬታውም ከሰከነ በኋላ እናት «ለመሆኑ የት ነው የሚያድረው?» ትላለች። አባት «ዶርም ይሰጡታል እኮ» ይላል። አክስት ደግሞ ትነሣና «ዶርም! ስድስት ሰባት ሆነው ተደራርበው ነው የሚተኙት። ትኋኑስ? የውሃው ነገርስ? ትንሽ ተጋግዘን ቤት ብንከራይለት ምናለበት?» ትላለች። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ብር ይሆናል። በወር ስንት? ማን ይችላል? እስከ መቼ?

ስለ ብር እኔም እናገራለሁ። ነገር ግን ጥያቄው በብር ብቻ ሲታሰብ ዋናው ነገር ሳይነሣ እንደሚቀር በብዙ ተማሪዎች ኑሮ ላይ አይቻለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ዶርም የተሰጠው ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ይኑር። ከዚያ በኋላ መውጣት የሚኖርበት ሰው አለ፤ እሱም አወጣጡን ይወቅበት።

ጉዳዩ የእኛ ዘመን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1942 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲያን ማት መሪነት፣ ተማሪውን በአዳሪነት የሚይዝ ተቋም ነበር። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጣው ወጣት አራት ኪሎ በአንድ ግቢ አደረ፣ በአንድ አዳራሽ በላ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች በፈቀዱት የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች መጥተው ተቀላቀሉ። የተማሪውን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ምሁራን የእነዚህን እንግዶች ተጽዕኖ ሳያነሡ አያልፉም። የቅኝ አገዛዝን ትግል እያዩ ያደጉ ወጣቶች ነበሩ፤ የእኛን ልጆች ስለ አገራቸው ሁኔታ ይጠይቋቸው ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከክፍል ይልቅ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሲነሣ ይበልጥ ይገባል።

ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ አዳሪነት እንዲቀር ተወሰነ፤ ተማሪው ከተማ ውስጥ ቤት ፈልጎ እንዲኖር ሆነ። ተማሪው አጥብቆ ተቃወመ። የተቃወመውም አልጋውንና ምግቡን ስላጣ ብቻ አልነበረም፤ አብሮ መሆኑን እንደሚያጣም ገብቶታል። እርግጥ ነው፣ ተበትኖም ቢሆን በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጥቷል። ስለዚህ ቤት መከራየት ሰውን ከጓደኛው ይነጥላል ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ማኅበር የማቋቋሙን፣ በኮሌጅ ቀን ግጥም የማቅረቡን፣ ተሰብስቦ የመሟገቱን ልማድ የጀመሩት አዳሪዎቹ ነበሩ። መጀመሪያ አብረው ኖሩ፤ ቆይተው ቢለያዩም መፈላለጉን አልተዉም።

ለዚህ ነው ዶርም ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ትልቁ ያልመረጥነው ጎረቤት ነው የምለው። በብዙ ግቢዎች ፍሬሽ ተማሪ ክፍል የሚደርሰው በስሙ የፊደል ተራ ነው። «አ» ከ«አ» ጋር፣ «መ» ከ«መ» ጋር። ይህ ተራ አባትህ ምን እንደሚሠራ፣ ቤታችሁ ስንት ክፍል እንዳለው፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምትጸልይ አይጠይቅም። በሩን ስትከፍት ከሞጣ የመጣ፣ ከጂንካ የመጣ፣ ከነቀምቴ የመጣ፣ ከጅግጅጋ የመጣ ልጅ ሎከሩን እየቆለፈ ታገኘዋለህ። አንዱ እናቱ የቋጠረችለትን በሶ ያወጣል፣ ሌላው ጭኮ ያወጣል፣ ሌላው ዳቦ ቆሎ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም የየራሱን ይቆልፋል፤ ወር ሳይሞላ አንድ ላይ ያስቀምጡታል። አንዱ ሲጾም ሌላው እየበላ፣ አንዱ ለሱብሂ ሲነሣ ሌላው ለኪዳን ሲወጣ፣ አንዱ መብራት አጥፉልኝ ሲል ሌላው ነገ ሚድ ፈተና አለብኝ ሲል፣ እነዚህ ልጆች በየቀኑ ይደራደራሉ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ወላጅ፣ በራሳቸው አንደበት ይስማማሉ፤ ወይም ይጣሉና ይታረቃሉ።

የኪራይ ቤት ይህን አይሰጥም። ቤት የምትከራየው ከምታውቀው ሰው ጋር ነው፤ ከሠፈርህ ልጅ፣ ከአገርህ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያንህ ወይም ከመስጊድህ ጓደኛ ጋር። ይህን አልነቅፍም፤ ሰው የሚያምነውን ይፈልጋል። ነገር ግን አራት ዓመት ተምሮ፣ ከመግባቱ በፊት የሚያውቃቸውን ሰዎች ብቻ እያወቀ የሚመረቅ ወጣት፣ ሌላው ቢቀር ወደፊት በመሥሪያ ቤቱ የሚያገኘውን ሰው የሚረዳበት ልምድ ይጎድለዋል። ሰው በየክልሉ ተማሪ ቤት፣ በየክልሉ ሥራ፣ በየክልሉ ወሬ ታጥሮ በሚያድግባት በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ፣ ልጆቻችን ከማያውቁት ሰው ጋር ተኝተው የሚነሡበት ቦታ ስንት ቀረ? እኔ የማየው ዶርሙን ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲለወጥ አያለሁ፤ ምክንያታችሁንም አውቃለሁ። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ስልክ እየደወሉ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኙ ወላጆች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ «ልጄን ዶርም አላስገባም» የሚል ወላጅ ሲገጥመኝ አልሟገተውም። ያ ፍርሃት ከሕይወት የመጣ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጅህ የተመደበበት ከተማ ሰላም የሌለው ከሆነ፣ ከግቢ ውጭ የተከራየ ቤት ይጠብቀዋል ወይ? ጥበቃ የሌለው፣ የዶርም ተቆጣጣሪው (ፕሮክተሩ) የማያውቀው፣ ማታ በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ የማይታወቅበት ቤት ከዶርም የበለጠ አስተማማኝ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ከተማው ራሱ የሚያሰጋ ከሆነ ጥያቄው የመኝታ ሳይሆን የምደባ ነውና ዝውውር መጠየቅ ይሻላል።

የዶርምን ክፉ ጎን አልደብቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ሌሊት ተነሥቶ ባልዲ መሙላት አለ። መጸዳጃ ቤቱ ለስንት ሰው እንደተሠራና ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ያየ ሁሉ ያውቃል። ትኋን አለ፤ ላፕቶፕና ስልክ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ድምፅ ነው። አንዱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ፊልም ያያል፣ ሌላው 11 ሰዓት ላይ አላርሙ ይጮኻል፣ እሱ ግን አይነቃም፤ ሌሎቹ አምስቱ ይነቃሉ። በተፈጥሮው እንቅልፉ የሚቀል ልጅ አንድ ሴሚስተር በዚህ ሁኔታ ካሳለፈ ውጤቱ ላይ ይታያል። ይህን ልጅ «ቻለው» ማለት ብቻውን ምክር አይደለም። መጀመሪያ የክፍል ለውጥ ይጠይቅ፤ ፕሮክተሮች በወጉ ሲጠየቁ ያስተናግዳሉ። ንባቡን ወደ ላይብረሪ ያዙረው፤ ክፍሉን ለእንቅልፍ ብቻ ይተወው። ይህን ሁሉ አድርጎ ካልሆነለት ግን ከግቢ መውጣቱ ቅንጦት አይባልም።

ወደ ብሩ ልምጣ። ብዙ ቤተሰብ «ዶርም በነፃ ነው» ብሎ ያስባል፤ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ከወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን፣ ከምግቡና ከመኝታው ግን ሙሉውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንደ ዕዳ ይከፍላል። ዶርም የማይጠቀም ተማሪ የመኝታው ሒሳብ ስለማይያዝበት ውሉን ሲፈርም በየትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንደሚያደርግ ይጠንቀቅ። በግቢው ካፌ የማይበላው፣ ነን ካፌ የምንለው ተማሪም ለምግቡ የተመደበለትን በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ከግቢ ወጥታ እየተከራየች በካፌና በዶርም ስሟ ተመዝግቦ የቀረ ተማሪ ያልተኛችበት አልጋ ዕዳ ይከተላታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ከፍሎ የሚማር ተማሪ አለና፣ መኝታ ይካተት አይካተት ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ጠይቃችሁ እወቁ።

የዶርም ዕዳ ከምረቃ በኋላ ይመጣል። የቤት ኪራይ ግን በየወሩ፣ ዛሬውኑ፣ ከአባት ኪስ ይወጣል። ኪራዩ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። መብራት፣ ውሃ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ታክሲ፣ የክረምቱ ወራት ኪራይ አለ። ልጁ ሐምሌና ነሐሴ ቤተሰቡ ጋ ሆኖ ሳለ የቤቱ ኪራይ ይቆጥራል፤ ካልከፈለ መስከረም ላይ ቤት የለውም። ወላጆች ሒሳብ ስትሠሩ በአሥር ወር አትሥሩ፤ በአሥራ ሁለት ሥሩ።

ስድስት ኪሎ ለሚማር ተማሪ ቤት ማግኘት ድሮ ቀላል ነበር። ሽሮ ሜዳ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀጨኔ፣ አፍንጮ በር፣ ቀበና፣ በእግር ተሂዶ የሚደረስባቸው ሠፈሮች ናቸው። በግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ቤት፣ የጋራ መጸዳጃ፣ የአከራይ ቡና፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ተምሯል። ዛሬ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከቀበና እስከ ካዛንችስ፣ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። በርካሽ ይከራይ የነበረው ቤት አብሮ ሄዷል። ተማሪው ወደ ዳር እየወጣ ኮንዶሚኒየም በጋራ ይከራያል፤ ጠዋት ታክሲ ይሰለፋል፣ ማታ ታክሲ ይሰለፋል። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያጠፋ ተማሪ ቤቱ የቱንም ያህል ፀጥ ያለ ቢሆን ያንን ፀጥታ የሚጠቀምበት ጊዜ አይተርፈውም። የቤቱን ዋጋ ከማስላት በፊት መንገዱን በሰዓት አስሉት። ቤት ልታዩ ስትሄዱም እሑድ ጠዋት አትሂዱ፤ ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከግቢ በር ተነሡና በዚያው መንገድ ሂዱ።

ለሴት ተማሪዎች ይህ የመንገድ ነገር ከሁሉ የሚቀድም ጉዳይ ነው። ላይብረሪ አምሽታ ወደ ብሎኳ የምትመለስ ልጅ መብራትና ጥበቃ ባለበት ግቢ ውስጥ ትሄዳለች። ከግቢ ውጭ የምትኖር ልጅ ወይ ጨለማ ሳይመጣ ንባቧን አቋርጣ ትወጣለች፣ ወይ ትፈራለች። የብዙ ሴት ልጆች ውጤት የሚጎዳው በዚህ በማይታይ ሰዓት ነው፤ ወንዱ ጓደኛዋ እስከ 5 ሰዓት ሲያነብ እሷ 12 ሰዓት ላይ ደብተሯን ትዘጋለች። በተጨማሪ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ልጅ ላይ አከራይም፣ የአከራይ ዘመድም፣ የሠፈር ጎረምሳም አላስፈላጊ ድፍረት ሲያሳዩ አይተናል፤ ሰምተንማል። አባቶች፣ ሴት ልጃችሁን ከዶርም የምታወጡት «ለመጠበቅ» ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡበት።

የአከራይና የተማሪ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ ውሉ በቃል ነው። «እትዬ፣ ለአንድ ዓመት ነው» ትላለች ልጅቱ፤ «ችግር የለም የኔ ልጅ፣ እንደ ቤትሽ ቁጠሪው» ይባላል። ታኅሣሥ ላይ፣ ፋይናል ሊጀመር ሲል፣ «የኔ ልጅ፣ ሁሉ ነገር ተወዷል፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ትጨምሪልኛለሽ፤ አለዚያ ወንድሜ ከክፍለ ሀገር ስለሚመጣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ይመጣል። እትዬም ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የእሳቸውም ጓዳ ተወዶባቸዋል። ፈተናዋን ጥላ ቤት የምትፈልገው ግን ልጅቱ ናት።

ለዚህ አሁን ሕግ አለ፤ ልጆች፣ እባካችሁ እወቁት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራይም አከራይ በፈለገ ጊዜ ብድግ ብሎ የሚጨምረው እንዳይሆን ይደነግጋል። ስድስት ወር አስቀድማችሁ ክፈሉ ስትባሉ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ተማሪ ነኝ፣ ልጅ ነኝ ብላችሁ አትፈሩ። ውሉን አስመዝግቡ፣ ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። አንዳንድ አከራይ «እኔ ወረዳ አልሄድም» ይላል፤ እንዲህ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ።

በጋራ ለምትከራዩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ስለማይኖር ነው። ሦስት ጓደኛሞች ቤት ይከራያሉ። የካቲት ላይ አንዱ ይታመማል፣ ወይም ይባረራል፣ ወይም ፍቅር ይዞት ሌላ ቦታ ይሄዳል። የሦስት ሰው ኪራይ በሁለት ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ያኮርፋሉ፣ የወጣው ያፍራል፣ ዓመታት የቆየ ጓደኝነት በዚህ ይፈርሳል። ከመግባታችሁ በፊት «ከመካከላችን አንዱ ቢወጣ የእሱን ድርሻ እስከ መቼ ይከፍላል?» ብላችሁ በወረቀት ጻፉት፣ ሦስታችሁም ፈርሙ። በጓደኛሞች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል አትበሉ።

ታዲያ ማን ይውጣ? ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትና የተለየ ምግብ የሚያስፈልገው ይውጣ። ማታ እየሠራ የሚማር ይውጣ፤ የዶርም በር ከሥራ ሰዓቱ ጋር አይገጥምለትም። ልጅ ያላት እናት ትውጣ፤ ዶርሞቻችን ለእሷ አልተሠሩም። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ የመጨረሻ ዓመት ተማሪና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ቢወጣ ይገባኛል። አካል ጉዳተኛ ተማሪ ግን ከመውጣቱ በፊት ምድር ቤት ክፍል የማግኘት መብቱን ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የሚሰማው ስላጣ ነው። የግል ኮሌጅ ተማሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫ የለውም፤ ኮሌጁ ዶርም የለውምና። እሱን የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ኮሌጁ አጠገብ ካለ ውድ ክፍል ብቻውን ከመግባት፣ ሌላ ትምህርት የሚማር፣ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ፈልጎ አብሮ ይከራይ። ያልመረጠውን ጎረቤት ማንም ካልሰጠው ራሱ ይፈልገው።

ለመውጣት የሚያበቃ ምክንያት ያልሆነውንም ልናገር። «ጓደኞቼ ወጥተዋል»፣ «ነፃነት እፈልጋለሁ»፣ «ዶርም ደረጃዬ አይደለም»፦ በእነዚህ ምክንያት የወጡ ብዙ ተማሪዎች በሁለተኛው ሴሚስተር ዶርም ሲለምኑ አይቻለሁ። በዚያ ጊዜ አልጋው ለሌላ ተሰጥቷል። ነፃነት ያሉትም ኑሮ ጠዋት ተነሥቶ ክፍል የመሄድ ሥራን በሙሉ ለራሳቸው ጥሎባቸዋል፤ የሚቀሰቅሳቸው ጓደኛ አጠገባቸው አልነበረም።

ከመካከላችሁ በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር የምትሠሩ እንዳላችሁ ስለማውቅ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ክፍል ስትደለድሉ ተማሪ በትውልድ አካባቢው እንዲሰባሰብ የሚቀርብላችሁን ጥያቄ አትቀበሉ፤ ለጊዜው ፀጥታ የሚያመጣ ይመስላል፣ ቆይቶ ግን ብሎክ ከብሎክ ጋር የሚፋጠጥበት ግቢ ይፈጥራል። ሁለተኛው፣ በተማሪዎች አገልግሎት ሥር ከግቢ ውጭ የሚከራዩ ቤቶችን የሚመዘግብ፣ አከራዩን የሚያውቅ፣ ውሉን የሚያይ አንድ ጠረጴዛ አቁሙ። ብዙ ሠራተኛ አይጠይቅም። ስድስት ኪሎ በር ላይ ደላላ የሚጠብቃት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መጀመሪያ ወደዚያ ጠረጴዛ ብትሄድ ይሻላታል።

ምደባው ከወጣ በኋላ የመግቢያው ቀን እስኪደርስ ያሉት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት ወላጆች ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የወጪ መጋራቱን ቅጽ አብራችሁ አንብቡ፤ እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያውከው፣ ማንን እንደሚፈራ ጠይቁት። ካወራ በኋላ ወስኑ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ጠይቁት። አሁን መድረኩን ለጥያቄ ልተው፤ በተለይ ከልጆቹ ቢጀመር ደስ ይለኛል።